ጭር ማሰኘትም ሥራ ነው

ልጆቼ፣

የጌም ድምፅ መሥራት የምትማሩ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ዕቃ ነው። የትኛው ማይክሮፎን ይሻላል? የትኛውን ሶፍትዌር ልማር? ጥያቄው ደግ ነው፣ መልሱ ግን አጭር ነው፤ ባላችሁ ጀምሩ። እኔ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ሌላ ነገር ነው።

የሥራ ዘመኔን ግማሽ የፈጀሁት ሰው ተደብቆ በሚጫወታቸው ጌሞች ላይ ነው። ስቴልዝ ይሏቸዋል። ድብብቆሽ ብትሏቸውም ያስኬዳል። ተጫዋቹ ጥላ ጥላውን ይሄዳል፣ ጠባቂ ሲመጣ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ትንፋሹን ይውጣል። በዚያች ቅጽበት ምን እንደሚሰማው የምወስነው እኔ ነኝ።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ወጣት ሳለሁ የአንድ መጋዘን ሌቭል፣ ማለት የጌሙ አንድ ምዕራፍ፣ ተሰጠኝ፤ ሙዚቃውንም የአካባቢውን ድምፅም እኔ ልሠራ። ሦስት ሳምንት ለፋሁበት። ቼሎ (ትልቅ ቫዮሊን መሰል መሣሪያ) አለው፣ ከሥር የሚያጉረመርም ቤዝ አለው፣ አልፎ አልፎ ከሩቅ ብረት ከብረት ይጋጫል። ለብቻው ሲሰማ ጸጉር ያቆማል። ባልደረቦቼ አጨበጨቡልኝ፣ እኔም ልቤ አበጠ። ከዚያ አንዲት ልጅ እንድትሞክረው አስቀመጥናት። ከኋላዋ ቆሜ አያለሁ። ሳጥን ጀርባ ተደበቀች። ጠባቂው በግራ በኩል እየመጣ ነው። ኮቴው አለ፤ የቀዳሁት እኔው ነኝ። እሷ ግን አልሰማችውም፣ ቼሎዬ ላዩ ላይ ተኝቶበታል። ወጣች፣ ተያዘች። ደገመች፣ ተያዘች። በሦስተኛው ያ ብረት ከሩቅ ኳ አለ። በርግጋ ዞረች፤ ማንም የለም። ዞር ባለችበት ያዟት። በአራተኛው የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀችና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በዓይኗ ብቻ ትጫወት ጀመር።

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሙዚቃው መጥፎ አልነበረም። ቦታው አልነበረም እንጂ። በተኩስ ጌም ድምፅ ማጀቢያ ቢሆን ማንም አይሞትም። በድብብቆሽ ጌም ግን ድምፅ መረጃ ነው። ግድግዳ ተደግፎ ለቆመ ሰው ጆሮው ነው የሚያይለት። ያ ኳ ያለው ብረት ለእኔ ጌጥ ነበር። ለልጅቷ ግን ውሸት ነበር። አንዴ የዋሻችሁት ተጫዋች ከዚያ በኋላ የሚሰማውን አያምንም፤ እውነተኛው ኮቴ ሲመጣም ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በአማርኛ "ጭር አለ" እንላለን። "ጸጥ አለ"፣ "ረጭ አለ"። ልክ "ኮሽ አለ"፣ "ሲጥ አለ"፣ "ኳ አለ" እንደምንለው ማለት ነው። ዝም ማለትን ራሱን እንደ አንድ ድርጊት ነው የምንናገረው። እኔ ይህን ያስተዋልኩት ከብዙ ዓመት ሥራ በኋላ ነው፤ ቀድሜ ባስተውለው ብዙ ድካም ባተረፈልኝ ነበር። ድምፁን ሁሉ ዜሮ ብታወርዱት ጭር አይልም። ተጫዋቹ ገመዱ የተነቀለ ይመስለውና ሶኬቱን ይፈትሻል። ጭር የሚለው አንድ ነገር ሲሰማ ቆይቶ ሲቆም ነው። ስለዚህ ዝምታ ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚቆም ነገር አስገቡ። የማቀዝቀዣ ማሽን፣ የአየር ማስወጫ፣ ዝናብ። ተጫዋቹ ለምዶት ይረሳዋል። ከዚያ ቀጥ ሲል መሰማቱን የሚያውቀው ያኔ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ በእናንተ ዕድሜ የማይታወስ አንድ ዓመት አለ፤ እ.ኤ.አ. 1998። ቴንቹ፣ ሜታል ጊር ሶሊድ እና ቲፍ የተባሉት የድብብቆሽ ጌሞች ሦስቱም በዚያ ዓመት ወጡ። የድምፅ ሰው ከሆናችሁ ሦስተኛውን ፈልጋችሁ ተጫወቱት። የሠራው ሉኪንግ ግላስ ስቱዲዮስ ነው፣ ድምፁን የመራው ኤሪክ ብሮሲየስ። ሥዕሉ ዛሬ ያስቃችኋል። አትሳቁ፣ መብራት አጥፉና አዳምጡ። እዚያ ጌም ውስጥ ድምፅ ግድግዳ በስቶ አይመጣም፤ በበር፣ በኮሪደር፣ በመወጣጫ ዞሮ ነው የሚመጣው። ጠባቂው ከግድግዳው ማዶ ሁለት ሜትር ላይ ቢሆን እንኳ ድምፁ የሚሰማችሁ በበሩ በኩል ነው። ምንጣፍ ላይ ስትራመዱ ኮቴያችሁ ይዋጣል፣ ብረትና ሸክላ ንጣፍ ላይ ግን ያሳጣችኋል። ወለሉ ላይ እንደ ሣር ያለ ለስላሳ ነገር የሚያበቅል ቀስት ሳይቀር አላቸው፤ ጥቅሙ ኮቴ ማፈን ብቻ ነው። እስቲ አስቡት፣ የጦር መሣሪያው ዝምታ ነው።

ዋናው ብልሃት ግን ጠባቂውም በዚያው መንገድ መስማቱ ነው። ለእናንተ በዞረበት ለእሱም ይዞራል። እኔ ይህንን "ሁለት ጆሮ" እለዋለሁ፤ የተጫዋቹ ጆሮና የጠባቂው ጆሮ። ሁለቱ ካልተስማሙ የሠራችሁት ሁሉ ገደል ገባ። ተጫዋቹ "እኔ ይህን ያህል ከሰማሁት እሱም ይሰማዋል" ብሎ እንዲያምን ነው የምንፈልገው። ችግሩ የጠባቂው ጆሮ እናንተ ጠረጴዛ ላይ የለም። ፕሮግራመሩ ዘንድ ያለ ቁጥር ነው፤ ኮቴ በዚህ ወለል ላይ እስከ ስንት ሜትር ይሰማል የሚል። አንድ ጊዜ ያ ቁጥር ተቀይሮ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ተጫዋቾች በድመት እርምጃ እየሄዱ ይያዛሉ፣ ስድቡ የሚመጣው ወደ ድምፅ ክፍል። ከዚያ ወዲህ ወንበሬን ይዤ ፕሮግራመሩ አጠገብ ነው የምቀመጠው። እናንተም ተጠጉ። ቡና ይዛችሁ ሂዱም ባልላችሁ፣ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ።

ይህን ሁለት ጆሮ በደንብ ያሳየ ሌላ ጌም እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ስፕሊንተር ሴል፦ ኬዮስ ቲዮሪ ነው። ስክሪኑ ላይ የድምፅ መለኪያ አለ። የአካባቢው ጫጫታ ምን ያህል እንደሆነ ምልክት ያደርጋል፣ የእናንተ ድምፅ ደግሞ እዚያው ላይ ከፍ ዝቅ ይላል። ከጫጫታው በታች ከሆናችሁ ማንም አይሰማችሁም። ጄኔሬተር አጠገብ በድፍረት ትራመዳላችሁ፣ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ትንፏቀቃላችሁ። የጄኔሬተሩ እምምታ ማስዋቢያ መሆኑ ቀርቶ መደበቂያ ሆነ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ኤሊየን፦ አይሶሌሽን ደግሞ ነገሩን ገለበጠው። የሚያሳድዳችሁ ጭራቅ የት እንዳለ የሚነግራችሁ መሣሪያ ጢው ጢው ይላል፤ ጭራቁ ቅርብ ከሆነ ያንን ጢውታ ይሰማዋል። የሚያስጠነቅቃችሁ ራሱ ያሳብቅባችኋል። ይህን ያሰበውን ሰው ባገኘው እጁን እጨብጠው ነበር።

አሁን ወደ እጅ ሥራው እንግባ። አንድ የጄኔሬተር ክፍል እንሥራ። ጀማሪ ሁለት ደቂቃ የተቀዳ ድምፅ ያመጣና እያዞረ ያጫውተዋል። ተጫዋቹ አንድ ቦታ ተደብቆ ሃያ ደቂቃ እንደሚቆይ አይርሳችሁ። በሦስተኛው ዙር ያቺ የምታስል ቧንቧ መቼ እንደምታስል ያውቃታል። አለቀ፣ ክፍሉ ሞተ። እኔ ሦስት ሉፕ፣ ማለት ሦስት እየዞረ የሚደገም ድምፅ፣ አደርገዋለሁ። የሞተሩ እምምታ 37 ሴኮንድ፣ የአየር ማስወጫው ሽውታ 53 ሴኮንድ፣ የቧንቧው ጠብታ 71 ሴኮንድ። ሦስቱ አብረው ተነሥተው እንደገና እኩል የሚጀምሩት ከ38 ሰዓት ተኩል በላይ ቆይተው ነው። ቁጥሮቹ ከአንድ በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ነው። ይህን ያህል የሚደበቅ ተጫዋች ካለ ይገባዋል፣ ይስማው።

በር ሲዘጋ ድምፁን መቀነስ ብቻ አይበቃም። በር መጀመሪያ የሚበላው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው፤ ወፍራሙ ያልፋል። ስለዚህ ከላይ ከላይ ቁረጡለት። ክፍት ሜዳ ላይ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር ድምፁ 6 ዲሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ይወርዳል፤ ጌም ውስጥ ግን ይህን በጭፍን አትከተሉት። የጠባቂው ኮቴ ከእውነተኛው ትንሽ ራቅ ብሎም ይሰማ። እውነት ለመምሰል ብላችሁ ተጫዋቹን አታስይዙት።

ኮቴ ላይ አትሰስቱ። ለአንድ ወለል ቢያንስ አሥር እርምጃ ቅዱ፣ አንዱ ሁለቴ ተከታትሎ እንዳይመጣ አድርጉ። ለጠባቂው ወገብ የቁልፍ ኳኳታ ጨምሩለት፤ ከተጫዋቹ ኮቴ ይለያል። የሚዞርበት ድምፅም ይኑረው፤ ሶሉ ወለሉን ሲፍቅ ፍቅ የምትል። ተጫዋቹ ሳያይ "ጀርባውን ሰጠኝ" የሚለው በእሷ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ድምፅ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ኮቴ ሲቆም። ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ከዚያ ምንም። እዚህ ላይ ሙዚቃ የሚጨምር ሰው ባይ ከወንበሩ አስነሣዋለሁ።

ስለ ሙዚቃ ከተነሣ፣ ጠላቱ አይደለሁም። ሙዚቃን በሌየር፣ ማለት በንብርብር፣ ከፋፍሎ እንደ ጨዋታው ሁኔታ መቀያየር የቆየ ጥበብ ነው፤ ማይክል ላንድና ፒተር ማኮኔል ሉካስአርትስ በተባለው የጌም ኩባንያ ውስጥ አይሙዝ የሚባለውን ሥርዓት ይዘው የመጡት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ዛሬ ኤፍሞድም ዋይዝም በሚባሉት የጌም ድምፅ ሶፍትዌሮች ውስጥ ያለ ችግር ትሠሩታላችሁ። ሁለት ነገር ብቻ ልበል። አንደኛ፣ ሙዚቃችሁ ወሬኛ አይሁን። ጠባቂው ከግድግዳ ማዶ በተጠጋ ቁጥር ሙዚቃው ከጮኸ ተጫዋቹ ኮቴ ማዳመጡን ይተዋል፤ ሙዚቃው ሁሉን ይነግረዋላ። ሙዚቃው ተጫዋቹ ከሚያውቀው በላይ አይወቅ። ሁለተኛ፣ ማጋጋል ቀላል ነው፤ ከበሮ መጨመር ነው። ማብረድ ነው ሰው የሚለየው። ሜታል ጊር ሶሊድ ስታመልጡ ወዲያው አይለቃችሁም፤ ፍለጋው ይቀጥላል፣ ሙዚቃውም አብሮ ሌላ ይሆናል። ከተያዛችሁ በኋላ ልብ ወደ ቦታው ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል። ያንን ጊዜ ስጡት። እኔ ከበሮውን መጀመሪያ አወጣለሁ፣ ቤዙን ሃያ ሰላሳ ሴኮንድ አቆየዋለሁ፣ በመጨረሻ የክፍሉ እምምታ ብቻ ይቀራል።

የማይሰሙ ተጫዋቾችንም አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ማርክ ኦቭ ዘ ኒንጃ ድምፅን ስክሪን ላይ በክብ መስመር ይሥለዋል፤ እስከ የት እንደደረሰ በዓይን ይታያል። ለሁሉም ተጫዋች ጠቀመ።

ጆሯችሁንም ጠብቁ። በ85 ዲሲቤል ስምንት ሰዓት ነው የሚመከረው ጣሪያ፤ 3 ዲሲቤል በጨመራችሁ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። እኔ አልሰማሁም፣ የቀኝ ጆሮዬ አሁን ቀኑን ሙሉ ያፏጫል። ለእኔ ሙሉ በሙሉ ጭር የሚል ነገር ከእንግዲህ የለም።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር ሞክሩ። መብራት አጥፉ፣ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡ፣ አሥር ደቂቃ ተቀመጡ። የሰማችሁትን ሁሉ "አለ" በሚል ቃል ጻፉ። እዝ አለ። ቀጭ አለ። ጠብ አለ። ከየት እንደመጣ፣ ምን ያህል እንደራቀ፣ በበር ይሁን በመስኮት። እኔ ትናንት ሞክሬው አሥራ አንድ አገኘሁ። አሥሩን አውቄያቸዋለሁ። አንዷ ከጣሪያው በኩል ነው የመጣችው፣ ሁለቴ ኮሽ ብላ ቆመች፤ ሌሊቱን ስጠብቃት አደርኩ።