ለቁምስናችን ወጣቶች፦ እንግዳን ስለ መቀበል

ውድ ልጆቼ፣

በባሕር ዳር ለረጅም ዘመን ሳስተምር ኖሬ ዛሬ ጡረታ ላይ ነኝ። በቁምስናችን፣ ማለትም በካቶሊክ አጥቢያችን፣ ምክር ቤት ባገለገልሁባቸው ዓመታት ስለ ሕንፃውም ስለ ገንዘቡም ብዙ ተወያይተናል፤ እሑድ ጠዋት ከኋላ ቆሞ አስቀድሶ ማንም ሳያናግረው ስለሚሄደው እንግዳ ግን የተነጋገርነው ጥቂት ነው። የምጽፍላችሁ ስለ እርሱ ነው።

ይህ እንግዳ ብዙ ጊዜ ወደ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመጣ ተማሪ ወይም በሥራ የተዛወረ ሰው ነው። ከሶዶ ወይም ከሆሳዕና የመጣው እንደ እኛ ካቶሊክ ቢሆንም ያደገው በላቲን ሥርዓት፣ ማለትም በሮም የቅዳሴ ሥርዓት ነው፤ እኛ ደግሞ የምንቀድሰው በግእዝ ሥርዓት ነው። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል እኛ «እግዚኦ ተሣሃለነ» እንላለን፤ ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲሉም «ምስለ መንፈስከ» ብለን እንመልሳለን። ለእኛ ከልጅነት ጀምሮ በቃል የተያዘ ስለሆነ፣ አጠገባችን ያለው ልጅ መቼ እንደሚመልስ፣ መቼ እንደሚሰግድ ጠፍቶት በገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ባይተዋር ሆኖ መቆሙን ልብ አንለውም። እናንተ ግን ጠጋ ብላችሁ መጽሐፈ ቅዳሴውን ግለጡለት፤ የደረስንበትን መስመርም በጣታችሁ አሳዩት። ይህን ለመሥራት ማዕረግም ፈቃድም አያስፈልግም። ቁምስናውን ለሚመሩት ካህን፣ ለቆሞሱም አትተዉት፤ ቅዳሴው እንዳለቀ የሚፈልጋቸው ሰው ብዙ ነውና።

ሀገረ ስብከታችን የተቋቋመው በ2007 ዓ.ም. ጥር 11፣ በጥምቀት ዕለት ነው። ገና ወጣት በመሆኑ ልማዱ ተሠርቶ አላለቀም፤ ዛሬ እናንተ የምታደርጉትን ነው ከእናንተ በኋላ የሚመጡት «የቁምስናችን ወግ» የሚሉት።

በዚህ በጣና ዳር ታሪካችንን ማወቅም ይገባችኋል። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀብለው፣ ኋላም በአዋጅ በሕዝቡ ላይ ለመጫን በመነሣታቸው ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632ም አዋጁን ለመሻር ተገደዱ። በጎርጎራ የቀረው ፍርስራሽ የዚያ ዘመን ነው። ጎጃም ተወልደው፣ መጻሕፍትን ለዓመታት መርምረው በገዛ ሕሊናቸው ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የገቡት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ግን ማንንም አላስገደዱም፤ እ.ኤ.አ. በ1855 እስረኛ ሆነው ዐረፉ። እኔ ከእነዚህ ከሁለቱ የአባ ገብረ ሚካኤልን መንገድ እመርጣለሁ፤ እናንተም እንድትመርጡት እለምናችኋለሁ። ስለዚህ ኦርቶዶክስ ጎረቤታችሁ ወይም የክፍል ጓደኛችሁ አብሯችሁ ቢመጣ በክብር አስቀምጡት እንጂ ለክርክር አትጋብዙት። እርሱ ቤት ለቅሶ ሲሆንም ድንኳን ከሚተክሉት ጋር ተገኙ፤ በእድር አብረን የምንኖር ሰዎች ነን።

አሁን ወደ ተማሪው ልመለስ። ከቅዳሴ በኋላ ቡና ሲፈላ ወንበር ስጡት፤ ስሙን ጠይቃችሁ በሚቀጥለው እሑድ በስሙ ጥሩት። ስልኩንና የሚያድርበትን ሕንፃ መዝግቡ፤ ሁለት እሑድ ከቀረ ደውሉለት። ታሞ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ቢተኛ ከሩቅ አገር ያሉት ወላጆቹ በቶሎ ሊደርሱለት አይችሉም፤ ምሳ የሚያመላልስለት፣ ሌሊት አጠገቡ የሚያድርለት ሰው ያሻዋል። ለዚህ የሚሆን የአስታማሚዎች ተራ እስካሁን የለንም፤ በሚቀጥለው የወጣቶች ስብሰባችሁ እንድታወጡ አደራ እላለሁ።