ፕላውደን የሚለው ስም፦ ከሽሮፕሻየር እስከ ጎንደርና ሜሪላንድ

ሰሞኑን በሜሪላንድ የምትኖር አንዲት ወጣት ስልክ ደወለችልኝ። በምትሠራበት ሆስፒታል ፕላውደን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ባልደረባ አላት። እሷ ጎንደር ተወልዳ ያደገች ናትና ስሙን ስትሰማ ወዲያው ትዝ ያላት በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የሞተው የእንግሊዝ ቆንስል ነው። «ጋሼ፣ ዘመዱ ይሆን እንዴ?» አለችኝ። እንደሚመስለኝ አድርጌ መለስኩላት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን ስም ድሮ፣ ዛሬ በሕይወት ከሌሉ አንዲት ሴት ጋር ሆኜ ተከታትዬው ነበር። ጀመርነው እንጂ አልጨረስነውም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ነገር ነው። ስለዚህ መልሱን ሰፋ አድርጌ ለእሷም፣ ስም ይዛችሁ ታሪክ ለምትፈልጉ ለሌሎቻችሁም ልጻፈው።

በ1966 ዓ.ም. ዌልስ ውስጥ አበሪስትዊዝ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ የቤተ መጻሕፍትና የመዛግብት ሙያ እማር ነበር። ለተግባር ልምምድ ድንበሩን ተሻግሮ ወዳለው የእንግሊዝ አውራጃ፣ ወደ ሽሮፕሻየር ላኩኝ። ሽሩዝበሪ ከተማ መዝገብ ቤት ውስጥ የተመደብኩላቸው ሴት ጡረታቸው የተቃረበ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ እጃቸው ሁልጊዜ በእርሳስ የጠቆረ ነበሩ። ከየት እንደመጣሁ ሲሰሙ ያሉት ነገር አስደነገጠኝ፦ «እንግዲያውስ የእኛ አውራጃ ሰው እናንተ ዘንድ ተቀብሯል።»

እኔ ዋልተር ፕላውደንን የማውቀው ከትምህርት ቤት ነው። በ1843 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያላልኩበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ከሕንድ ወደ አገሩ ሲመለስ ስዊዝ ላይ እንግሊዛዊውን ተጓዥ ጆን ቤልን አግኝቶ መንገዱን ወደ ሐበሻ ያዞረ፣ በ1848 ቆንስል ተሹሞ በማግስቱ ዓመት ከራስ ዓሊ ጋር ውል የተዋዋለ፣ ኋላም የቴዎድሮስ ወዳጅ የሆነ ሰው። በ1852 ዓ.ም.፣ ማለት በ1860 እ.ኤ.አ.፣ ከጎንደር ወጥቶ ሲሄድ የሸፈተው ጋረድ አቁስሎ ማረከው። የጎንደር ሰዎች ቤዛ ከፍለው አስለቀቁት፤ ግን በመጋቢት ወር በቁስሉ ሞተ። ንጉሡ ጋረድን ሲበቀሉ ያ ጆን ቤል፣ በእኛ አጠራር ሊቀ መኳስ ዮሐንስ፣ በዚያው ውጊያ ወደቀ። ለሴትዮዋ ይህን ሁሉ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ነገርኳቸው። እሳቸው ደግሞ እኔ የማላውቀውን ጀመሩልኝ።

ፕላውደን መጀመሪያ የሰው ስም አይደለም። በሽሮፕሻየር ደቡብ ምዕራብ፣ ከቢሾፕስ ካስል ከተማ አጠገብ፣ በሊድበሪ ኖርዝ ደብር ውስጥ ያለች አነስተኛ መንደር ናት። በጥንቱ እንግሊዝኛ የጨዋታ ሸለቆ እንደ ማለት ነው። እንግሊዞች ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ የቤተሰብ ስም ያመጡት ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 አገሩን ከያዙ በኋላ፣ ያውም ቀስ በቀስ ነው፤ ለአብዛኛው ሕዝብ እስከ 1400 ገደማ ፈጅቷል። አንዳንዱ በሙያው ተጠራ፣ አንዳንዱ በአባቱ፣ አንዳንዱ በመልኩ፣ አንዳንዱ በመጣበት ቦታ። ኒውተን የሚባሉ መንደሮች በእንግሊዝ ብዙ ስለሆኑ ኒውተን የሚባለው ሰው ከየትኛው እንደመጣ ከስሙ አይታወቅም። ፕላውደንን የመሰለ ብርቅ ስም ግን ወደ አንዲት ሸለቆ ይመልሳል። ሴትዮዋ ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸው ይበራ ነበር።

ከዚያ የስልክ መጽሐፎች አስመጡ። የየአውራጃው የስልክ መጽሐፍ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ፣ እሳቸው ከአንድ ጫፍ እኔ ከሌላው ጫፍ ይዘን ፕላውደንን መልቀም ጀመርን። ስሚዝ ገጽ በገጽ ይሄዳል፤ ፕላውደን ካለ ጥቂት መስመር ነው፤ በብዙዎቹ መጽሐፎች ጭራሽ የለም። ያገኘነውን በካርታ ላይ በእርሳስ ነጥብ እናስቀምጣለን። ውጭ ዝናቡ ያለማቋረጥ ይዘንባል፣ እሳቸው ሻይ ያመጣሉ፣ እኔ ሌስተርሻየርን ጨርሼ ወደ ሊንከንሻየር እሄዳለሁ። ይህ ዘዴ አዲስ አልነበረም። በ1890 ጉፒ የሚባል ሰው ስሞች የበቀሉበትን አገር ለማወቅ የገበሬዎችን ስም ብቻ ቆጥሯል፤ ምክንያቱም ከሰው ሁሉ ከመሬቱ የማይነቃነቀው ገበሬ ነው። እሳቸው ግን ከስልክ መጽሐፍ ይልቅ የሚመኙት የ1881ን የሕዝብ ቆጠራ ነበር። የእንግሊዝ ቆጠራ መቶ ዓመት ሳይሞላው ለሕዝብ አይከፈትም። ገና ብዙ ዓመት ቀርቶት ስለነበር «እኔ አልደርስበትም፣ አንተ ትደርስበታለህ» ይሉኝ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በዚያው በ1881 ሕንድ ውስጥ በመላ አገሪቱ በአንድ ጊዜ የተካሄደውን የመጀመሪያውን የሕዝብ ቆጠራ የመራው ሹም ዊልያም ቺችሊ ፕላውደን ይባላል። ቺችሊ የሚለውን መካከለኛ ስም የእኛም ቆንስል ይጠራበታል፤ የሕንዱ የፕላውደኖች ቅርንጫፍ በየትውልዱ ይዞት ይሄድ ነበር። ቆንስሉን ያሳደገውም ይኸው ቅርንጫፍ ነው፤ አባቱ በቤንጋል አስተዳደር ውስጥ ነበሩ፣ እሱም በወጣትነቱ ካልካታ በንግድ ቤት ሠርቷል። ቸርችል በወጣትነቱ ሕንድ ውስጥ የወደዳት ፓሜላ ፕላውደንም የሃይደራባዱ የእንግሊዝ ተጠሪ ልጅ ነበረች። አንዲት የሽሮፕሻየር ሸለቆ ስሟን ካልካታ፣ ሃይደራባድና ጎንደር ድረስ የላከችው በግዛት ጉዳይ ነው። ይህን ሳታዩ ካርታ ላይ ነጥብ ብታስቀምጡ ምንም አይነግራችሁም።

ሴትዮዋ አንድ ቀን የደብር መዝገብ አወጡልኝ። እንግሊዝ ውስጥ እያንዳንዱ ደብር ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘግብ የታዘዘው በ1538 ነው። ፕላውደኖችን ግን በዚያ መዝገብ መከታተል ያስቸግራል፤ አገሩ ፕሮቴስታንት ሲሆን ዋናው ቤተሰብ ከካቶሊክ ሃይማኖቱ አልወጣምና። ከመካከላቸው የሚከበረው ኤድመንድ ፕላውደን ነው፤ በ1518 ተወልዶ በ1585 የሞተ፣ በዘመኑ ከእንግሊዝ ሕግ ዐዋቂዎች አንደኛ ከሚባሉት የሚቆጠር። የለንደኑን የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ የሚድል ቴምፕልን፣ ትልቅ አዳራሽ ያሠራ እሱ ነው። በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን እምነቱን ቢተው ከፍ ወዳለ ሹመት መድረስ ይችል ነበር፤ አልተወም። እንዲህ ያለው ቤተሰብ በመንግሥት ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ ይጎድላል። የሚገኘው ሃይማኖቱን ባለመቀየሩ በተቀጣበት ወረቀት፣ በባሕር ማዶ ገዳምና ትምህርት ቤት ነው። እኔ ከሴትዮዋ የተማርኩት ትልቁ ነገር ይኸው ነው፦ አንድ ሰው ከመዝገብ ሲጠፋ፣ መዝገቡን የያዘው ማን እንደሆነ ጠይቁ።

በሻይ ሰዓት ደግሞ የእኛን አገር የስም አጠራር ይጠይቁኝ ነበር። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ የአባቴ ስም ከእኔ ልጅ ላይ የአያት ስም ሆኖ ከዚያ በኋላ ይጠፋል ስላቸው አዘኑ። እስከ ሰባት ቤት ቆጥሬ ስነግራቸው ግን ተነሥተው ቆሙ። የእሳቸው ስም ስድስት መቶ ዓመት ያለው ሆኖ፣ ወረቀት ሳያዩ ከአያታቸው አባት በላይ ማንንም መጥራት አይችሉም ነበር። አያቴ ናቸው ቁጥሩን በልጅነቴ ያስጠኑኝ፤ ማታ ማታ እሳት ዳር፣ ስሳሳት ከመጀመሪያው እያስጀመሩ። ዛሬ ስንቶቻችሁ ትቆጥራላችሁ? የማውቃቸው ልጆች ሁለተኛው አያት ላይ ሲደርሱ ስልካቸውን ያያሉ። ያሳዝነኛል።

ዝናቡ ሲያባራ በጸደይ ወደ ፕላውደን መንደር እንድንሄድ ተቀጣጥረን ነበር። ድሮ እዚያ የሚያልፍ ትንሽ የባቡር መስመር ነበር፤ በ1935 ተዘግቷል። ስለዚህ ክሬቨን አርምስ ድረስ በባቡር፣ ከዚያ በእሳቸው መኪና። የፕላውደኖችን የድሮ ቤት ከውጭም ቢሆን አይተን፣ ደብሩን አይተን እንመለሳለን። እሳቸው ያቀዱት ከዚህም አልፎ ነበር። እኔ አገሬ ስገባ ጎንደር ሄጄ ቆንስሉን ሰው ማን ብሎ ይጠራው እንደነበር፣ ቤዛውን የከፈሉት እነማን እንደሆኑ፣ ማን እንደቀበረው ከሽማግሌ ጠይቄ እንድጽፍላቸው። የስሙን ሁለት ጫፍ፣ ሸለቆውንና መቃብሩን፣ በአንድ ወረቀት ላይ ማየት ፈለጉ። «ይህን ማንም አላደረገውም» ይሉ ነበር።

ጸደዩ ሳይመጣ አባቴ ታመሙ፣ ተጠራሁ። አገር ቤት ስገባ አብዮቱ ፈነዳ። ጎንደር መሄድ ይቅርና ከአዲስ አበባ ውጭ ለግል ጉዳይ መንቀሳቀስ ከባድ ሆነ፤ ኋላም የሰሜኑ መንገድ በጦርነት ተዘጋ። ወደ እንግሊዝ ደብዳቤ መጻፍም በዚያ ጊዜ የሚያስጠይቅ ነበር። ዓመታት አልፈው መጻፍ ሲቻል፣ መልስ የሰጠኝ ሌላ ሰው ነው፤ ሴትዮዋ አርፈዋል፣ የ1881 ቆጠራ ሲከፈት አልነበሩም። ካርታው የት እንደደረሰ አላወቁልኝም። ጎንደር በመጨረሻ ስሄድ የተጠቆሙልኝ አዛውንት ካህንም እንዲሁ አልፈው ነበር። ልጆቻቸው በደግነት አስተናግደው «አባታችን ስለዚህ ፈረንጅ ያወሩ ነበር» አሉኝ። ምን እንዳወሩ አያስታውሱም።

አሁን ወደ ሜሪላንድ ልለፍ። በ1634 ሰር ኤድመንድ ፕላውደን የሚባል፣ ከሕግ ዐዋቂው ቤተሰብ የወረደ ሰው፣ በሰሜን አሜሪካ ጠረፍ ኒው አልቢዮን የሚባል ግዛት እንዲያቋቁም ፈቃድ ተሰጠው። በ1642 ሄደ፤ መርከበኞቹ አምፀው ደሴት ላይ ጥለውት ሄዱ፤ ግዛቱ ሳይቋቋም ቀረ። በኋላ ግን ፕላውደኖች ሜሪላንድ፣ ሴንት ሜሪስ በሚባለው አውራጃ መሬት ይዘው ተቀመጡ። ሜሪላንድ የእንግሊዝ ካቶሊኮች መጠጊያ ሆና የተቆረቆረች ስለነበረች አያስገርምም። በዚያ አገር መሬት ካላቸው ብዙዎቹ ባሪያም ነበራቸው። በ1863፣ ማለት ቆንስሉ ጎንደር በሞተ በሦስተኛው ዓመት፣ ጥቁር አሜሪካዊቷ የነፃነት ታጋይ ሃሪየት ተብማን በደቡብ ካሮላይና በኮምባሂ ወንዝ ዳር ከሰባት መቶ በላይ ሰዎችን ከባርነት ስታወጣ አብረዋት ከሠሩት ቃፊሮች አንዱ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ስሙ ዋልተር ፕላውደን ይባላል። ያንኑ ስም በሌላ አህጉር በሌላ ሰው ላይ ሳየው፣ ሽሩዝበሪ ሮጬ ሄጄ ለሴትዮዋ ብነግራቸው ብዬ ተመኘሁ።

ስለዚህ ልጄ፣ ባልደረባሽ የቆንስሉ ዘመድ ነው ወይ ላልሽው፣ ስሙ ብቻውን አይመሰክርም። ነፃ የወጡ ሰዎች አንዳንዶቹ የጌታቸውን ስም ያዙ፣ አንዳንዶቹ የቀድሞ ጌታቸውን፣ አንዳንዶቹ ራሳቸው የመረጡትን። በደምም የመጣ አለ፣ በግፍ የመጣም አለ። እንግሊዝ ውስጥም ቢሆን ከዚያች መንደር ወጥቶ ሌላ አገር የሄደ እረኛ «የፕላውደኑ» እየተባለ ስሙ ሊጸናበት ይችል ነበር፤ ከባላባቱ ቤት ምንም ሳይወለድ። ስሙን ከሁሉ ይበልጥ ለእንግሊዝ ሕዝብ ያስተዋወቁት ሌዲ ብሪጅት ፕላውደን፣ በ1967 ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት የወጣውን ትልቅ ሪፖርት የመሩት፣ ስሙን ያገኙት በጋብቻ ነው።

የዛሬ ልጆች ምራቃችሁን በፖስታ ልካችሁ ዘር ታስቆጥራላችሁ፤ ችኮላው አይጥመኝም። ሆኖም ሳይንሱን አልንቅም። የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስሙ ብርቅ በሆነ ቁጥር ስሙን የያዙ ወንዶች በአባት መስመር የሚወርሱት የዘር ምልክት አንድ የመሆን ዕድሉ እንደሚጨምር አሳይተዋል። በ2007 ደግሞ ብርቅ የዮርክሻየር ስም ባላቸው እንግሊዛውያን ወንዶች ላይ በምዕራብ አፍሪካ የሚታወቅ የዘር ምልክት አገኙ፤ ነጭ እንግሊዛዊ ሆነው ራሳቸውን ያወቁ ሰዎች ናቸው። ደም ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ሄዷል። ባልደረባሽ ፈቃደኛ ከሆነ ከምራቅ ምርመራው በፊት የአባቱን ወገን አዛውንቶች ይጠይቅ፤ ከዚያ የ1870ን የአሜሪካ ቆጠራ ይመልከት፤ ነፃ የወጡ ጥቁሮች በስማቸው የተጻፉበት የመጀመሪያው የመላ አገሪቱ ቆጠራ እሱ ነው። በመቀጠል ካርታ ይሥራ። ከካርታ የሚሻል መጀመሪያ አላውቅም።

የቆንስሉ የራሱ ደብዳቤዎች ለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ መዝገብ ቤት፣ የውጭ ጉዳይ የሐበሻ ሰነዶች ውስጥ አሉ፤ ማንም ሄዶ ማንበብ ይችላል። የጎደለው የጎንደር ወገን ነው። ጎንደር ያላችሁ ልጆች፣ የድሮ ነጋዴ ቤተሰቦችን አዛውንቶች ጠይቁልኝ፦ ለፈረንጁ ቤዛ ያዋጡት እነማን ነበሩ፣ ሕዝቡስ ማን ይለው ነበር? የሰማችሁትን በእነሱ አነጋገር ጻፉት፤ የተናጋሪውን ስም፣ የአባቱን፣ የአያቱንና የጠየቃችሁበትን ቀን በዚያው ወረቀት ላይ አስፍሩ።