አክራ ላይ ግማሽ ቀን ካለሽ

እህቴ፣ ለስልጠና አክራ እንደምትሄጂና ነጻ የምትሆኚው ግማሽ ቀን ብቻ እንደሆነ ጽፈሻል። ጥቁር ኮከብ አደባባይ ያለው የነጻነት በሩ ጋ ፎቶ ተነስቼ ልመለስ ወይስ የጋናን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የክዋሜ ንክሩማህን መታሰቢያም ልይ ነው ጥያቄሽ። ለሥራ አክራ ስኖር ከአገር ቤት የመጣውን እንግዳ ሁሉ ይዤ የምሄደው እዚያ ስለነበር የማውቀውን ልንገርሽ። ሁለቱንም እዪ፤ ግን ከንክሩማህ ጀምሪ። ታሪኩን ሳይሰሙ ጥቁር ኮከብ አደባባይ የሚሄዱ ሰዎች ፀሐይና ሲሚንቶ አይተው ነው የሚመለሱት።

መታሰቢያው ሃይ ስትሪት ላይ ነው። ቦታው ድሮ እንግሊዞች ፖሎ የሚጫወቱበት ሜዳ ነበር። ንክሩማህ ማርች 6 ቀን 1957 (እ.ኤ.አ.) ሌሊት የጋናን ነጻነት ያወጀው እዚያው ሜዳ ላይ ነው። “የእኛ ነጻነት ከመላው አፍሪካ ነጻ መውጣት ጋር ካልተያያዘ ትርጉም የለውም” ያለውም ያን ሌሊት ነው። አሁን ሐውልቱ የቆመው እዚያ ነው፤ ከኋላው በእብነ በረድ የተለበጠው መካነ መቃብር አለ። ቅርጹ የተገለበጠ ሰይፍ ነው፤ አካን በሚባለው የጋና ሕዝብ ዘንድ የሰላም ምልክት ነው። ንክሩማህ በ1972 ቡካሬስት ውስጥ በስደት ነው የሞተው፤ እዚህ ያረፈው መታሰቢያው በ1992 ሲከፈት ነው። ግብፃዊቷ ባለቤቱ ፋቲያም አጠገቡ ተቀብራለች።

ሰው ሁሉ ትልቁ ሐውልት ጋ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። አንቺ ግን ራስ የሌለውን አሮጌውን ሐውልት ፈልጊ። በ1966 በንክሩማህ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግ ሕዝብ ጎትቶ የጣለው ነሐስ ነው። የተቆረጠውን ራስ ሰው ደብቆ አቆይቶት ኋላ ተመልሷል፤ አልገጠሙትም፣ ከአካሉ ጎን ለብቻው ተቀምጧል። ከግቢው ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው ይሄ ነው። ጋናውያን መሪያቸውን ያከበሩበትንም ያዋረዱበትንም ጎን ለጎን አቁመው ለልጆቻቸው ያሳያሉ። አስጎብኚ ካገኘሽ እዚህ ጋ ጠይቂው፤ ሁሉም የራሱን አስተያየት ይነግርሻል። ሙዚየሙ ትንሽ ነው፣ ፎቶዎቹን ለማየት ብዙ ጊዜ አይወስድብሽም።

ከዚያ በታክሲ ወደ አደባባዩ ውረጂ፤ ቅርብ ነው። ዋጋውን ሳትገቢ ተስማሚ፣ ወይም በስልክ መተግበሪያ ቦልት ጥሪ። አናቱ ላይ ጥቁር ኮከብ ያለበት፣ 1957 እና “ነጻነትና ፍትሕ” የተጻፈበት በር ይታይሻል። ጥላ የሚባል ነገር ስለሌለ ውሃና ኮፍያ አትርሺ። ወታደር ወይም ፖሊስ ካየሽ ፎቶ ከማንሳትሽ በፊት አስፈቅጂ፤ የድሮው የመንግሥት መቀመጫ የኦሱ ግንብ ቅርብ ነው።

ወደዚያው ግንብ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው በፌብሩዋሪ 1948 ለእንግሊዝ ዘምተው የተመለሱ ጋናውያን ወታደሮች የተተኮሰባቸው። መሣሪያ አልያዙም፤ የተገባልን የጡረታ ገንዘብ ይከፈለን ብለው ለእንግሊዙ ገዥ አቤቱታ ይዘው እየሄዱ ነበር። ሳጅን አጄቴ፣ ኮርፖራል አቲፖ እና ወታደር ኦዳርቴ ላምፕቴ ሞቱ። ከተማው ተነሳ፤ ንክሩማህና አምስት ጓዶቹ ታሰሩ። ዘጠኝ ዓመት እንደሞላ ነጻነት መጣ። አደባባዩን ይህን ይዘሽ ብታዪው ይሻላል።

“እኛ ቅኝ አልተገዛንም፣ የነጻነት ሐውልት ምናችን ነው” የሚል ሰው እዚህ ግሩፕ ላይም አይቻለሁ። አልስማማም። በሩ ዙሪያ የሚውለበለበውን ባንዲራ እዪው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ጋና በ1957 ያንን የመረጠችው የእኛን አይታ ነው። አዲስ አበባ አፍሪካ ኅብረት ግቢም የንክሩማህ ሐውልት አለ፤ ካላየሽው ከመሄድሽ በፊት እዪው።

ለመግቢያ የውጭ ዜጋ ከጋናዊ የበለጠ ይከፍላል፤ ጥሬ ሴዲ (የጋና ገንዘብ) ያዢ። ስልጠናሽ ፌብሩዋሪ 28ን የሚነካ ከሆነ ደግሞ ጠዋቱን ለአደባባዩ ተይው፤ በየዓመቱ በዚያ ቀን ለሦስቱ ወታደሮች የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል።