ጥያቄና መልስ፦ ለአሮጌ ሃይሉክስ ኤልኤስዲ ዲፈረንሻል ስለ መግጠም

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1995 የተሠራ፣ በናፍታ የሚሠራ ፎር ዊል ቶዮታ ሃይሉክስ አለኝ። ክረምት ሲገባ ከደብረ ብርሃን ወደ እነዋሪ በሚወስደው የገጠር መንገድ እህልና ማዳበሪያ ስጭን፣ መረሬው ጭቃ ላይ አንዱ የኋላ ጎማ ብቻውን ይሽከረከርና መኪናው ይቆማል፤ ፎር ዊል ባስገባም አንዳንዴ አይወጣም። ሶማሌ ተራ ከሌላ ሃይሉክስ የተፈታ ኤልኤስዲ ዲፈረንሻል (ዲፈረንሻል የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ዕቃ ሲሆን፣ ኤልኤስዲው አንዱ ጎማ ሲንሸራተት ለሌላውም ኃይል እንዲደርስ የሚያደርግ ዓይነት ነው) አግኝቻለሁ። ሻጩ እንዳለ ይገባል ይላል። መካኒኬ ደግሞ ገንዘብ ከማባከን ያለውን ዲፈረንሻል የውስጥ ጥርሶች በይዶ ማሠር ይበቃል ባይ ነው። የማንን ምክር ልቀበል?
(አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ የሁለቱንም ምክር ለጊዜው ያቆዩትና በመጀመሪያ ጥርስ ይቁጠሩ። ዲፈረንሻል ውስጥ ያለው የትልቁ ክራውን ጥርስ ብዛት ለትንሹ ፒኒየን ጥርስ ብዛት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር፣ ካርዳኑ (ኃይሉን ወደ ዲፈረንሻሉ የሚያደርሰው ረጅሙ ዘንግ) ስንት ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ እንደሚዞር ይነግርዎታል። በሃይሉክስ ላይ 41 ለ9 (4.56)፣ 43 ለ10 (4.30) እንዲሁም 37 ለ9 (4.11) የተገጠመባቸው አሉ፤ ከውጭ ሲታዩ ግን አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። የፊት ዲፈረንሻልዎ 4.56 ሆኖ የገዙት የኋላ 4.30 ቢሆን፣ ፎር ዊል ባስገቡ ቁጥር የኋላና የፊት ጎማዎች በስድስት በመቶ ገደማ በተለያየ ፍጥነት ለመዞር ይታገላሉ። ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ነገሩ ላይታወቅዎ ይችላል፤ ደረቅና ጠንካራ መሬት ላይ ሲወጡ ግን ኃይሉ መውጫ አጥቶ በካርዳኑና በፎር ዊል ካምቢዮው ላይ ይጠራቀማል፣ ማርሹም አልነቀል ይላል።

የራስዎን ቁጥር ለማወቅ በሞተር ክፍሉ ውስጥ ባለው የፋብሪካ ሰሌዳ ላይ የአክሰሉ ኮድ አለ፤ ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ያገለገለ መኪና በመሆኑ ከእርስዎ በፊት የነበረ ባለቤት ለውጦት ሊሆን ስለሚችል በሰሌዳው ብቻ አይተማመኑ። የፊት ጎማዎችን በድንጋይ ያግዱ፣ ማርሹን ዜሮ ያድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ፣ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አንሥተው ከሥሩ መደገፊያ ያስገቡ። ካርዳኑ ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉና የተነሣውን ጎማ በእጅ ሃያ ሙሉ ዙር ያዙሩት። ካርዳኑ 45 ተኩል ያህል ከዞረ 4.56፣ 43 ከዞረ 4.30፣ 41 ብቻ ከዞረ 4.11 ነው። የሻጩን ዕቃ ግን ወለል ላይ ስለተቀመጠ በቀጥታ ጥርሱን መቁጠር ይቻላል፤ ለማስቆጠር የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመዎ ይለፉት።

ቀጥሎ የሚታየው የዕቃው ጤንነት ነው። በእነዚህ ሃይሉክሶች ላይ የሚገኘው የፋብሪካ ኤልኤስዲ በውስጡ እንደ ፍሪሲዮን ሸራ ተደራርበው በሞላ (ስፕሪንግ) የተጨመቁ ስስ ዲስኮች አሉት፤ ዲስኮቹ ካለቁ ዕቃው በስሙ ብቻ ኤልኤስዲ ሆኖ እንደ ተራ ዲፈረንሻል ይሠራል። ሁለት የአክሰል ዘንጎች ግራና ቀኝ ያስገቡበትና አንዱን አጥብቀው ይዘው ሌላውን ለማዞር ይሞክሩ። በእጅ ያለ ድካም የሚዞር ከሆነ ዲስኮቹ አልቀዋል ማለት ነው፤ ዋጋውም የተራ ዲፈረንሻል ዋጋ ሊሆን ይገባል። በዚሁ አጋጣሚ ዘንጎቹ የሚገቡበት የጥርስ ብዛት ከእርስዎ ዘንጎች ጋር መግጠሙን ያረጋግጣሉ።

ቁጥሩ ከገጠመ፣ ዲፈረንሻሉን ከነማቀፊያው፣ ማለትም ክራውንና ፒኒየኑ ሳይነካኩ፣ እንዳለ ማስገባት ከሁሉ የተሻለ ነው። ሥራው ሁለቱን የአክሰል ዘንጎች ማውጣትና ካርዳኑን ፈትቶ ማቀፊያውን የያዙትን አሥር ዳዶዎች መንቀል ነው፤ ክብደቱ ግን ሁለት ሰው የሚፈልግ ነው። ዘንጎቹ በወጡበት አጋጣሚ የጫፍ ኦይል ሲሎችን አይቆጥቡ። ቁጥሩ ካልገጠመና የኤልኤስዲውን አካል ብቻ አውጥቶ በራስዎ ክራውንና ፒኒየን ላይ ለማሠር ከታሰበ፣ በሁለቱ ጥርሶች መካከል የሚቀረው ክፍተት ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ መስተካከልና የጥርሶቹ ንክኪ በቀለም መታየት ስላለበት፣ መለኪያ ሰዓት (ይህን ጥቃቅን ክፍተት የሚለካ መሣሪያ) የሌለው ጋራዥ ውስጥ እንዲሠራ አልመክርዎትም። በግምት የተሠራ እንደሆነ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ማልቀስ ይጀምራል።

ስለ መበየድ፦ መካኒክዎ የሚሉት ነገር በእርግጥ ከጭቃ ያወጣል። ነገር ግን መኪናው ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ መሄድ ሲገባው ሁለቱ በግድ እኩል እንዲዞሩ ስለሚደረግ፣ አስፋልት ላይ ጎማ ይበላል፣ ዘንግ ይሰብራል፣ በዝናብ ጊዜም መኪናው ለመሪ አይታዘዝም። እህል ጭኖ ከተማ ለሚገባ መኪና የማይታሰብ ነው።

ከኤልኤስዲው የሚጠብቁትንም ልክ ያድርጉ። አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ ሌላው ጠንከር ያለ መሬት ላይ ሲሆን በግልጽ ይረዳዎታል፤ አንዱ ጎማ ከናካቴው አየር ላይ ከተንጠለጠለ ግን ወደ ሌላው የሚደርሰው ኃይል ዲስኮቹ የተጨመቁበትን ያህል ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ የእጅ ፍሬኑን ጥቂት ስቦ ቀስ ብሎ ነዳጅ መስጠት ይጠቅማል። ወደ ጎን ባዘነበለ ጭቃ መንገድ ላይ ደግሞ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች አብረው ስለሚንሸራተቱ የመኪናው ኋላ ወደ ቦይ ይሄዳል፤ ይህን ያለ ጭነት አስቀድመው ይለማመዱት። ጎማዎ ጥርሱ ያለቀ ከሆነ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ብሆን ገንዘቤን መጀመሪያ የማውለው ጎማ ላይ ነው።

የዲፈረንሻሉ ዘይት ደረጃው ጂኤል-5 ሆኖ ለኤልኤስዲ የተዘጋጀ መሆን አለበት፤ ተራው ዘይት ከገባ በጠባብ መታጠፊያ ላይ ከኋላ የመንቀጥቀጥና የመንኳኳት ድምፅ ይሰማሉ። ሞልተው ከጨረሱ በኋላ ሰፊ ሜዳ ላይ ቀስ ብለው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ደጋግመው በመዞር ዘይቱ ዲስኮቹ መካከል እንዲገባ ያድርጉ። ከዚህ በኋላ አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ አንሥቶ፣ ሞተሩን አስነሥቶ ማርሽ ማስገባት ፈጽሞ አይፈቀድም፤ መሬት ላይ ያለው ጎማ መኪናውን ከክሪኩ ላይ ይጎትተዋል። ይህን ለመካኒክዎ፣ ጎማ ለሚቀይርልዎ ልጅም ጭምር ይንገሩ።