ማን ተሸክሞ አመጣት? (ለወጣት መካኒኮችና ኢንጂነሮች)

ልጆቼ፣ በተለይ ማሽን ነክ ሙያ የጀመራችሁ፣ ዛሬ ስለ አንዲት ጀልባ ላውጋችሁ። ሰላሳ ምናምን ዓመት ማሽን ስጠግን ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው ያየኋት። ካናዳ ኦንታሪዮ፣ አልጎንኩዊን ፓርክ ውስጥ ካትፊሽ ሌክ የሚባል ሐይቅ አለ፣ መኪና አይገባም፣ ልጄ በታንኳ ይዞኝ ሄደ፣ ውሃ ሲኖር እየቀዘፍን የብስ ሲመጣ ታንኳዋን ተሸክመን፣ ትከሻዬ እሳት ሆኖ ደረስን። እና እዛ ዛፍ መሃል የዛገ ቦይለር (ውሃ አፍልቶ ለሞተር እንፋሎት የሚሰጠው የብረት ጋን)! የጀልባዋ እንጨት በስብሶ ብረቷ ብቻ ቀርቷል። እኛ አንዲት ቀላል ታንኳ እንዲህ ካማረረችን ይሄን ሁሉ ብረት ማን ተሸክሞ አመጣው አልኩት።

ማንም። ራሷ ናት በየብስ እየተጎተተች የመጣችው። ስሟም አሊጌተር ነው፣ አዞ ማለት፣ ውሃም የብስም ስለምትሄድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ እንጨት ቆራጮቹ በበረዶው ወራት የቆረጡትን ግንድ ወንዝ ላይ ይለቁታል፣ ወንዙ ይወስደዋል፣ ሐይቅ ሲደርስ ግን ውሃው ስለሚተኛ ግንዱም ይቆማል። ያኔ ተንሳፋፊ መደብ ላይ ፈረስ ያቆማሉ፣ ፈረሱ እየዞረ ገመድ ይጠቀልላል፣ ግንዱ ቀስ እያለ ይጎተታል። በ1889 (በፈረንጆች) ሲምኮ ከተማ ያለ ዌስት ኤንድ ፒቺ የሚባል ድርጅት የፈረሱን ሥራ የምትሠራ የመጀመሪያዋን አዞ ሠራ፣ እስከ 1930ዎቹ 200 ገደማ ተሠርተዋል። ሞተሯ 20 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው! ግን ግንዱን በሞተር ልግፋ አላለችም፣ ወደፊት ሄዳ መልሕቅ ትጥላለች ወይ ገመዷን ዛፍ ላይ ታስራለች፣ 1.6 ኪሎሜትር የሚሆን የብረት ገመድ እየለቀቀች ወደ ግንዱ ትመለሳለች፣ ከዛ በዊንች (ገመድ በሚጠቀልል ማሽን) ትስባለች፣ ንፋስ ካልከፋ እስከ 60,000 ግንድ። ሐይቁ ሲያልቅባት ያንኑ ገመድ ዛፍ ላይ አስራ ራሷን ትጎትታለች፣ በቀን ከ1.5 እስከ 4 ኪሎሜትር።

እኔን የገረመኝ ግን ቦይለሩ ነው። ዳገት ላይ ጀልባዋ ስታዘነብል ውሃው ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ እሳት የሚነካው ብረት ውሃ ካጣ ይግላል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ስለዚህ ቦይለሩን ከጀልባዋ ለይተው ማስተካከል እንዲችሉ አድርገው ሠሩት፣ ጀልባዋ ብታዘነብልም እሱን ቀጥ አድርገው ያቆሙታል። ይሄ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚመጣ ሐሳብ አይደለም፣ ሥራውን ያየ ሰው ሐሳብ ነው።

እኔ በናንተ ዕድሜ እንዲህ አላስብም ነበር። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ፓምፕ አልስብ ባለ ቁጥር ትልቅ ፓምፕ ይገዛ እያልኩ ሪፖርት ስጽፍ ከረምኩ፣ በኋላ የማታ ሺፍት ያሉ አንድ አባት "ልጄ፣ ማጣሪያውን ከፍተህ አይተኸዋል?" አሉኝ። ከፈትኩት፣ በጭቃ ተደፍኗል። የዛን ቀን ያፈርኩት እስካሁን አይረሳኝም።

እባካችሁ ካታሎግ ከመክፈታችሁ በፊት ማሽኑ አጠገብ ከሚያድረው ሰው ጋር አንድ ሙሉ ሺፍት ቁሙ፣ ሥራው የት ጋ እንደሚያደክመው እዩ፣ ጠይቁት። ቶሮንቶና ኦታዋ ያላችሁ ደግሞ እስከ ካትፊሽ መቅዘፍ አያስፈልጋችሁም፣ በአልጎንኩዊን ምሥራቅ በር በኩል ያለው የእንጨት ሥራ ሙዚየም ዊሊያም ኤም የምትባለውን አዞ አቆይቷታል፣ ስትሄዱ ጎንበስ ብላችሁ ጠፍጣፋ ሆዷን እዩት፣ ድንጋይና ጉቶ ላይ የተጎተተችው በሱ ነው።