«ስቫልባርድ ቪዛ አይጠይቅም» ለተባልከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። በኢትዮጵያ ፓስፖርት በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ወዳሉት የኖርዌይ ደሴቶች፣ ወደ ስቫልባርድ ዋና ከተማ ሎንግየርቢን፣ ሄደህ የጉዞ ጽሑፍ ልትሠራ አስበሃል። «ስቫልባርድ ቪዛ አይጠይቅም የሚባለው እውነት ነው?» ብለሃል። ከሥር የመለሱልህ ሁሉ «አዎ፣ ሻንጣህን አንሳ» ነው የሚሉህ። እኔ ሄጄበት የመጣሁ ሰው ነኝ፤ እባክህ ይህን ሳታነብ ትኬት እንዳትቆርጥ።

1. ቪዛው። በ1920 በተፈረመው ውል ምክንያት ደሴቶቹ ራሳቸው ቪዛ አይጠይቁም፤ ልክ ነው። ግን የምትበረው በኖርዌይ ከተሞች፣ በኦስሎ ወይ በትሮምሶ አድርገህ ነው። እነሱ ሸንገን ውስጥ ናቸው፤ ማለትም በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች። ስቫልባርድ የኖርዌይ ቢሆንም ከሸንገን ውጭ ነው። ስለዚህ ወደዚያ ስትበር ወጣህ፣ ስትመለስ ደግሞ እንደገና ገባህ ማለት ነው። አንዴ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ከያዝክ መመለሻ የለህም! ሁለት ጊዜ የሚያስገባ ጠይቅ።

ይህን ግን የቪዛ ማመልከቻ የሚቀበሉት ሰዎች አያውቁትም። እኔን ያስተናገደችኝ ልጅ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ለአንድ ጉዞ ሁለት መግቢያ ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ። ላስረዳት ስጀምር «ኖርዌይ ኖርዌይ ነው፣ ሰው ተሰልፏል» ብላ ጮኸችብኝ። ከመስኮቱ ንቅንቅ አላልኩም። የጉዞ ዕቅዴን ቀን በቀን ጽፌዋለሁ። «በዚህ ቀን ከትሮምሶ እወጣለሁ፣ በዚህ ቀን እመለሳለሁ» የሚለውን በቢጫ አስምሬበታለሁ። ከፎርሙ ጋር ካልተያያዘ አልሄድም አልኩ። አያያዘችው። ቪዛዬም ሁለት መግቢያ ሆኖ መጣ፤ ዛሬም ድረስ ያኮራኛል።

በዚያው ሰሞን ያመለከተው ፎቶ አንሺ ወዳጄ ግን የነገሩትን አምኖ ወጣ። ኦስሎ ላይ ፖሊሱ ፓስፖርቱን ገለጠና ቪዛው ላይ ያለችውን «1» በጣቱ ነካ አድርጎ አሳየው። ትኬቱም፣ ቀድሞ የከፈለበት ማረፊያም ቀልጦ ቀረ። ስንት ጊዜ ያጠራቀመው ገንዘብ ነበር! አንተ ፓስፖርትህን ስትቀበል እዚያው ቆመህ የመግቢያ ብዛቱን አንብብ። ቤትህ ከደረስክ በኋላ ማንም አይሰማህም።

2. ጊዜው። ታኅሣሥ ላይ ብለሃል፤ ተው። ያኔ እኩለ ቀንም ጨለማ ነው። ለየካቲት መጨረሻ አድርገው። ፀሐይ ከአድማስ በላይ ከወጣች ሳምንታት አልፈው እንኳ ተራራው ስለሚጋርዳት ከተማዋን አትነካትም። ሕዝቡ በፈረንጆቹ ማርች 8፣ በእኛ የካቲት 29 አሮጌው ሆስፒታል ደረጃ ጋ ተሰብስቦ ይጠብቃታል። እኔም ቆሜያለሁ። ሕፃናቱ ፊታቸውን ቢጫ ተቀብተው ነበር። ከጻፍኩት ሁሉ አንባቢ የወደደልኝ ያን ገጽ ነው። የጻፍኩት ደግሞ በእርሳስ ነው፤ የእስክሪብቶ ቀለም በብርዱ ይረጋል፣ የስልክ ባትሪም ሳታስበው ድርግም ይላል። ካሜራህን ወደ ሞቀ ቤት ከማስገባትህ በፊት ውጭ ሳለህ በፌስታል ጥብቅ አድርገህ እሰረው፤ አለዚያ ሌንሱን ላብ ይመታዋል።

«ነጩን ድብ አቅርቤ አነሳለሁ» ያልከውን እርሳው። ከ2025 ጀምሮ 300 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው፤ ከማርች እስከ ጁን ደግሞ 500 ሜትር። ከከተማ ስትወጣም መሣሪያ ከያዘ አስጎብኚ ጋር ይሁን።

ሌላው፣ የዓለም የሰብል ዘር መጠባበቂያ ተራራ ውስጥ የሚቀመጥበትን የዘር ማከማቻ ውስጥ ገብቼ እጽፋለሁ ብለህ ለአዘጋጅህ ቃል አትግባ። በ2008 ከተከፈተ ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት ሆኖ አያውቅም፤ የምታየው በሩን ከውጭ ነው። ይልቅ እዚሁ አዲስ አበባ ያለው የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ ኢልሪ፣ የላከው የመኖ ዘር እዚያ ተራራ ውስጥ ተቀምጧል። ከመሄድህ በፊት እነሱን አነጋግር። እኔ ጽሑፌን የሸጥኩት በዚያ ነው፤ ሌላው ሁሉ በረዶና ድብ ይጽፋል።

የማመልከቻ ቀጠሮህ ሲቆረጥ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ የጉዞ ዕቅዱን ናሙና እልክልሃለሁ።