መጀመሪያ ኤሌክትሮዱ፣ ኮምፒውተሩ በኋላ

ጤና ይስጥልኝ መምህር። ለአራተኛ ዓመት የባዮሜዲካል ምህንድስና ተማሪዎች በኮምፒውተር የሚሠሩ የሕክምና መሣሪያዎችን ዲዛይን እንዲያስተምሩ መመደብዎን ገልጸው፣ ሁለት ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ምልክትን በስክሪን ላይ በሞገድ መልክ የሚያሳይ መሣሪያ) ብቻ ባለው ላብራቶሪ ከየት ቢጀምሩ እንደሚሻል ጠይቀዋል። ይህንኑ ኮርስ ለበርካታ ዓመታት ስላስተማርሁ ያየሁትን ልጻፍልዎ።

መጀመሪያ አካባቢ የምነሣው ከማይክሮኮንትሮለር (መሣሪያ ውስጥ ከሚገባው ትንሽ ኮምፒውተር) እና ከኮድ ነበር። ተማሪዎቹ በሁለተኛው ሳምንት ስክሪን ላይ መስመር ሲንቀሳቀስ ስለሚያዩ በጣም ይደሰታሉ፤ መስመሩ ከምን እንደመጣ የሚጠይቅ ግን አልነበረም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገለበጥሁት። አሁን ሴሚስተሩን ሙሉ የምናሠራው አንድ መሣሪያ፣ ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ሦስት ኤሌክትሮዶች የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚመዘግብ ኢሲጂ፣ ሲሆን ኮምፒውተሩ የሚገባው ከስድስተኛው ሳምንት ወዲህ ነው።

የመጀመሪያው የቤት ሥራ ስሌት ነው። የልብ ምልክት ከቆዳ ላይ ሲለካ ከፍታው 1 ሚሊቮልት ገደማ ነው። የምንጠቀምበት ማይክሮኮንትሮለር ሰሌዳ፣ የአርዱዊኖ ኡኖ፣ ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚቀይር ባለ 10 ቢት መለወጫ ደግሞ 5 ቮልትን ለ1024 ስለሚከፍል አንዱ እርከን 4.9 ሚሊቮልት ያህል ይሆናል፤ ምልክቱ እንዳለ ቢገባ አንድ እርከን እንኳ አይሞላም። ተማሪው ይህን በራሱ እጅ ሲደርስበት «እንግዲያው 1000 ጊዜ እናጉላው» ይላል። ያን ጊዜ በኤሌክትሮዱና በቆዳው መካከል እስከ 300 ሚሊቮልት የሚደርስ ቋሚ ቮልቴጅ ሊኖር እንደሚችል እነግረዋለሁ። ይህ በ1000 ሲባዛ 300 ቮልት ይሆናል፤ በሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪዎች የሚሠራ አምፕሊፋየር (ምልክት ማጉያ) ይህን ሊያወጣ ስለማይችል ምልክቱ ጠፍቶ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ይቀራል። መጀመሪያ በ10 አጉልቶ፣ ቋሚውን ቮልቴጅ በካፓሲተር (ተለዋዋጩን ምልክት ብቻ በሚያሳልፍ የሰርኪዩት ክፍል) አግዶ፣ የቀረውን 100 እጥፍ ከዚያ በኋላ ማጉላት እንደሚያስፈልግ ክፍሉ ተከራክሮ ይደርስበታል። ለዚህ ሁለት ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቢሄድ አይቆጭዎ።

ከዚያ የመብራት መስመሩ 50 ሄርዝ ጣልቃ ይገባል። ተማሪው ወደ ሶፍትዌር ፊልተር ከመሮጡ በፊት የኤሌክትሮድ ሽቦዎቹን አንድ ላይ ይጠምዝዝ፣ የቀኝ እግሩን ኤሌክትሮድ በትክክል ያገናኝ። በሰከንድ 60 ናሙና ብቻ የወሰደ፣ ማለትም ምልክቱን 60 ጊዜ ብቻ የለካ ቡድን 50 ሄርዙ 10 ሄርዝ መስሎ ይታየዋል፤ ያ ደግሞ ከልብ ምልክቱ መሐል ስለሚወድቅ ምልክቱን ሳይጎዱ ማውጣት ያስቸግራል። እኔ በሰከንድ 500 ናሙና፣ ጊዜውን በታይመር እየጠበቁ እንዲወስዱ አስገድዳለሁ።

ደኅንነትን በተመለከተ ድርድር የለኝም። ሰው ላይ ኤሌክትሮድ ሲለጠፍ ሰርኪዩቱ በባትሪ ብቻ ይሠራል፣ የላፕቶፑም ቻርጀር ከሶኬት ይነቀላል።

አንድ ጊዜ ጎበዝ የሚባሉ ተማሪዎቼን ሥራቸውን ለአንዲት የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ እንዲያሳዩ ወሰድኋቸው። ሲስተር ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ ምንም ሳይናገሩ አንዱን ኤሌክትሮድ ከልጁ ደረት ላይ ላጡት። ስክሪኑ ግን «72» እንዳለ ቀረ። ኮዱ አዲስ የልብ ምት ካላገኘ የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ እንዲቆይ ተደርጎ ተጽፎ ነበር። «እኔ ይህን አይቼ ወደ ሌላ በሽተኛ እሄዳለሁ» አሏቸው። ልጆቹ በዚያው ሳምንት የኮዱን ግማሽ እንደገና ጻፉት። እኔም ከዚያ ወዲህ የማጠቃለያውን ፈተና የምጀምረው ኤሌክትሮድ በመንቀል ነው፤ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ቁጥሩን አጥፍቶ ማስጠንቀቂያ ያላሳየ መሣሪያ፣ ሞገዱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አያልፍም።

ሁለቱ ኦሲሎስኮፖች አያሳስብዎ። ሦስት ሦስት ተማሪ በአንድ ቡድን ያድርጉና ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ሳምንት በተራ ይመድቧቸው፤ ተራው ያልደረሰ ቡድን ስሌቱን ይሠራል፣ ብሬድቦርዱን (ሰርኪዩት ያለ ብየዳ የሚገጣጠምበትን ሰሌዳ) ያዘጋጃል። የኢሲጂ ሲሙሌተር (የልብ ምልክትን አስመስሎ የሚያወጣ መሣሪያ) በአቅራቢያ ካለ ሆስፒታል የጥገና ክፍል ለጥቂት ቀናት በውሰት ቢያገኙ፣ ማንም ተማሪ ደረቱን ከመስጠቱ በፊት ሰርኪዩቱ ይፈተንበታል።